የላላው ምላስ

ንቢት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ንቢት የቤት ስሟ ነው። አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ስትሮጥም ስትሠራም እንደ ንብ እዝዝ ትላለች። አያቷ አንድ ቀን «ይቺ ንብ ናት እንጂ ልጅ አይደለችም» አሉ፤ በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

የምትኖረው ከእናቷና ከወንድ አያቷ ጋር ነው። መኖሪያቸው ሁለት ክፍል ነው። ከፊት ለፊቱ የአያቷ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። በመሃል ያለው በር ተዘግቶ ስለማያውቅ ሰጋቱራው አልጋ ድረስ ይገባል። ንቢት ጠዋት ስትነሳ ጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር ሰጋቱራ ይገኛል ብዬ ብነግራችሁ አጋነነች እንዳትሉኝ።

አያቷ አናጢ ናቸው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን ይሠራሉ። እናቷ ደግሞ የተሠራውን ታለሰልሳለች፣ ታቀልማለች፣ ቫርኒሽ ትቀባለች። ንቢትስ? ንቢት ታቀብላለች። ብርጭቆ ወረቀት አምጪ፣ መሮውን አቀብዪ፣ ጨርቁን እጠቢ። ቀኑን ሙሉ ማቀበል ነው። እሷ ግን ልቧ ያለው መጋዙ ላይ ነበር።

ልጆች፣ ጥሩ የእንጨት ወንበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ምስማር የለውም። ታዲያ ምን ይዞት ቆመ? እንዲህ ነው። የአንዱ እንጨት ጫፍ ቀጠን ተደርጎ ይቆረጣል። ሌላው እንጨት ደግሞ በመሮ ይቦረቦራል። ከዚያ ቀጭኑ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እነ ንቢት ቤት ቀጭኑን ጫፍ «ምላስ» ይሉታል፤ ጉድጓዱን ደግሞ «አፍ»። ምላሱ አፉን ልክክ ብሎ ከሞላው ትንሽ ኮላ ይበቃዋል። ሰው ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥበት ንቅንቅ አይልም።

አያቷ አንድ ሕግ ነበራቸው። ኮላ ከመነካቱ በፊት እንጨቱ በደረቁ ይሞከራል። ምላሱን አፉ ውስጥ ይከቱና ብድግ ያደርጉታል። ያለ ኮላ ተያይዞ ከተነሳ፣ ደኅና። ከወለቀ ግን ሥራው ገና ነው ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን የንቢት ትልቋ አክስት፣ የአያቷ ልጅ፣ እነሱ ዘንድ ተኝታ ነበር። ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ገና መዳኑ ነው። ሐኪሙ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ ከልክሏታል። ሁለተኛ ከወደቀች መራመዷን እንጃ ብሎ ለአያቷ ነግሯቸዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ንቢትም ታውቃለች። አክስቷ የተኛችበት ክፍል መስኮት የለውም። «ጣሪያውን ሸምድጄ ጨረስኩት። ከፈለጋችሁ በቃሌ ልወጣላችሁ» ትላለች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በር ላይ ተቀምጣ መንገደኛ ማየት።

ስለዚህ አያቷ ወንበር ጀመሩላት። ከፍ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ተደግፈው የሚነሱበት። እንጨቱም አንድ ጥሩ ጠቆር ያለ ጣውላ ነበር፤ ለራሳቸው ልጅ ብለው ያስቀመጡት ይመስል ለብዙ ጊዜ ሳይነኩት የቆየ። ለዚህ ወንበር ብቻ ነበር የበቃው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቷ በጋሪ የተጫነ ቁም ሣጥን ለሰው ሊያደርሱ ተነሱ። ከመሄዳቸው በፊት ንቢትን ጠሩና የወንበሩን የፊት አግዳሚ ሰጧት። እግሮቹን ከፊት የሚያያይዘው እንጨት ነው። በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ አስምረውበታል።

«ምላሱን አንቺ ቁረጪው» አሏት።

ንቢት እዝዝ ማለቷን አቆመች። የሰማችውን ማመን አቃታት።

«መጋዙ ከመስመሩ በውጭ በኩል ይሂድ። መስመሩን እንዳትበዪው። መስመሩ ከምላሱ ጋር ይቅር። በደረቁ ሞክሪውና ተዪው፤ ኮላውን አብረን እናደርጋለን።» ከዚያ ወደ መደርደሪያው አዩ። እዚያ ላይ በልጅ እጅ የምትያዝ ትንሽ የእንጨት መላጊያ ተቀምጣለች። «ከሠራሽው እሷ የአንቺ ናት» ብለው ወጡ።

ንቢት የቀኙን ጫፍ በጥንቃቄ ቆረጠች። ምላሷን ጥርሷ መሃል ይዛ፣ ቀስ እያለች። ሲያልቅ ሞከረችው። ልክክ አለ። የወንበሩን እግር በአግዳሚው ብድግ ብታደርገው ተያይዞ ተነሳ። ደስ ሲላት ልኩ የለውም።

በዚህ መሃል የሠፈሩ ልጆች በሩ ላይ መጡ። ረጅም የመዝለያ ገመድ አግኝተዋል። ንቢት ሥራ ላይ ነኝ አለቻቸው። ልጆቹም መች ይተዋሉ፤ ሥራዋ ሰጋቱራ መጥረግ እንጂ ምን ሊሆን ነው እያሉ ሳቁባት። እሷም መጋዙን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «እንግዲህ ቶሎ በዪ፣ ወይዘሮ አናጢ» አሏት።

ቶሎ አለች። የግራውን ጫፍ እያየች ሳይሆን ገመዱ መሬት ሲመታ እየሰማች ቆረጠችው። ስትጨርስ መስመሩን ፈለገችው። የለም። መጋዙ በልቶታል። ምላሱ ሳስቶ ቀርቷል።

አፉ ውስጥ ከተተችው። እንደ ሕፃን ጥርስ ተወዛወዘ። ብድግ ስታደርገው እግሩ ወልቆ መሬት ላይ ዷ አለ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ንቢት ማድረግ ያለባት ቀላል ነገር ነበር። ቁጭ ብላ አያቷን መጠበቅ። «አባባ፣ መስመሩን በላሁት» ማለት። ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም። ግን የጣውላው ነገር ትዝ አላት፤ ሌላ የለም። ትንሿ መላጊያም ትዝ አለቻት። ገመዱም ውጪ ይመታል።

እናቷ የእንጨት ቀዳዳ ስትደፍን ብዙ ጊዜ አይታለች። ሰጋቱራ በኮላ ለውሳ እንደ ሊጥ ታደርገውና ትጠቀጥቀዋለች። ይህ ለትንሽ ቀዳዳ ነው እንጂ ሰው ለሚሸከም ምላስ አይደለም። ንቢት ግን ለወሰችው። አፉን ሞላችው፣ ምላሱን ገፍታ አስገባችው፣ የተረፈውን በጣቷ ዙሪያውን ለቀለቀችው። የቀኙንም ኮላ ቀባችና ዘጋችው። ሲታይ ያምራል። ከዚያ ገመድ ልትዘል ሮጠች። ዝላዩ ግን እንዳሰበችው አላስደሰታትም። ሁለት ጊዜ እግሯ ተጠለፈ።

አያቷ ሲመለሱ አግዳሚው ተጣብቆ አገኙት። ማን አጣብቂ አለሽ ብለው ኮስተር አሉ። ልረዳዎት ብዬ ነው አለች። አጎንብሰው አዩት።

«በደረቁ ሞክረሻል?»

«ሞክሬያለሁ።»

«ጠበቀ?»

«ጥብቅ ብሏል።»

አያችሁ? ሞክሬያለሁ ያለችው እውነት ነው። እውነቱን ከፊት አስቀድማ ውሸቱን ከኋላው አሳለፈችው።

አያቷ አልነካኩትም። ፊታቸው በራ። ወደ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለአክስቷ የዛሬውን ምላስ የቆረጠው ማን እንደሆነ እንድትገምት ጠየቋት። አክስቷም ከአልጋዋ ሆና «የኛ ቤት ሰው ምላስ መች ያንሰዋል» አለች። ሁሉም ሳቁ። ንቢትም ሳቀች። አያቷ መላጊያዋን አውርደው እጇ ላይ አስቀመጡላት። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ካየቻት ቀን ጀምሮ ሞቃት ትመስላት ነበር።

አያቷ የቀረውን የወንበሩን ክፍል አያያዙት። ኮላው ሲደርቅ ወንበሩ ወደ እናቷ ተሻገረ። እናቷ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው፣ ሁልጊዜም እንጨቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ቡናማውን ማቅለሚያ በጨርቅ መቀባት ጀመረች። እንጨቱ ይጠጣዋል። ሲጠጣ ውስጡ ያለው መስመር ሁሉ ብቅ ብቅ ይላል። ንቢት ይህን ማየት ትወድ ነበር።

በግራው እግር በኩል ግን ጨርቁ ደጋግሞ ሲያልፍ አንድ ቦታ ነጣ እንዳለ ቀረ። ልክ ጭርት የወጣበት ፊት ይመስላል። ኮላ የነካው እንጨት ማቅለሚያ አይጠጣም። ንቢት በጣቷ የለቀለቀችው ነው፤ የጣቷ ዱካ ሳይቀር ይታያል።

እናቷ ፋቀችው። እንደገና ቀባችው። አሁንም ነጣ።

«እዚህ ጋ ኮላ ነክቶታል እንዴ?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለች ንቢት።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ቫርኒሹን ቀባችና እንዲደርቅ ተወችው። ንቢት እዝዝ አላለችም። እናት ደግሞ ልጇ እዝዝ ማለት ስትተው ይገባታል፤ ግን አንዳንድ ነገር ልጁ ራሱ እንዲያወጣው ይጠበቃል።

እሑድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቷ በአዲሱ ወንበር ልትቀመጥ ነው። ንቢት መዝሙር ላይ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ የላትም። ዓይኗን ጨፍና «እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክህ ወንበሩን አጥብቀው» ብላ ጸለየች። ልጆች፣ እንዲህ ዓይነት ጸሎት እኛም ጸልየን እናውቅ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ሲጠብቅ የነበረው ወንበሩን ሳይሆን ንቢትን ነው።

ቤት ሲደርሱ ወንበሩ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ፀሐይ አርፎበት ያበራል። እናቷ አክስቷን ከአልጋዋ አንስታ በአንድ ክንዷ ደገፈቻት፤ በሌላው ምርኩዟ አለ። አክስቷ ፀጉሯን ተሠርታ የክት ልብሷን ለብሳለች። ቀስ፣ ቀስ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ማረፍ። «መንገደኞች፣ ተሰለፉልኝ፣ ልመለከታችሁ መጣሁ» ትላለች እየተነፈሰች።

አክስቷ ዞር ብላ ልትቀመጥ ስትል ንቢት ሮጠችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ሁሉም ደነገጡ። እናቷ ተነሺ አለቻት። አልተነሳችም። የክንድ ማሳረፊያውን በሁለት እጇ ጨበጠች። አክስቷ ለመሳቅ ሞከረች፤ ከእኔ በፊት አረጀሽ ወይ አለቻት። እናቷ በዚህ ጊዜ ተቆጣች፣ የታመመ ሰው አቁመሽ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አለቻት። ንቢት ግን ባለጌ መባሉን መረጠች። ከመናገር ባለጌ መባል ቀለላት። ተነስቼ አክስቴ ከምትወድቅ እዚሁ ልሙት ትላለች በልቧ።

አያቷ ቀረቡ። ንቢት ስትቁነጠነጥ ወንበሩ በግራ በኩል ቂቅ አለ። አያቷ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ምላሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ምላሱ ላልቷል።»

ንቢት አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው የተናገሩት ስለ እንጨቱ ነበር፤ የእሷን ምላስ ያሉ መሰላት።

አያቷ ግን ወደ እሷ አላዩም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አገላብጠው አዩ። እድሜ ልካቸውን እንጨት የሠሩበት እጅ ነው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «አፉን አስፍቼ ቦርቡሬው ይሆናል። እጄ ደከመ መሰለኝ። ከእንግዲህ መሮ ባልይዝ ይሻላል።»

ልጆች፣ ንቢት አሁንም ዝም ማለት ትችል ነበር። ጥፋቱን የሚሸከምላት ሰው ተገኝቷል። ማንም አይጠይቃትም። መላጊያዋም የእሷ ሆና ትቀራለች። ግን የአያቷን እጅ አየች፤ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«የእርስዎ እጅ አይደለም፣ አባባ» አለች። «መስመሩን በላሁት። ወለቀብኝ። በሰጋቱራ ደፈንኩትና ጠብቋል አልኩዎት።»

አክስቷ በምርኩዟ ላይ እንደቆመች ናት።

አያቷ ንቢትን አንስተው አቆሟት። የእንጨት መዶሻቸውን አመጡና የግራውን እግር አንዴ ቀስ አድርገው መቱት። እግሩ ወጣ፤ ሰጋቱራው እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር ብሎ ረገፈ። የሳሳው ምላስ ብቻውን ታየ። አክስቷ ተቀምጣበት ቢሆን ኖሮ... ንቢት ይህን ስታስብ አለቀሰች።

«እኔ እንጨቱን አልፈተሽኩትም» አሉ አያቷ። «ቃልሽን አምኜ ነው ያለፍኩት።»

ከቁጣ ሁሉ ይህ ይበልጥ ዘለቃት። ሮጣ ትንሿን መላጊያ አመጣችና መደርደሪያው ላይ መለሰቻት። ማንም መልሺ አላላትም። ከዚያ አክስቷ እግር ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀች። አክስቷ ጎንበስ ማለት ስለማትችል በምርኩዟ ጫፍ ጭንቅላቷን ነካ አደረገቻት። «በይ አትለቅሺ። ለነገሩ ጣሪያውም ናፍቆኝ ነበር» አለች። ተመልሳም ተኛች።

በዚያ ሳምንት ንቢት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ያየችውን ለአክስቷ ጮክ ብላ ትናገራለች። ዳቦ የተሸከመች ሴት አለፈች። አንድ ውሻ ጫማ ነክሶ ይሮጣል። አክስቷ ባለጫማው ሰው ወፍራም ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ንቢትም «አላየሁትም» ትላለች። ልታሳምረው ትችል ነበር፤ ግን ያላየችውን አትጨምርም። አክስቷ ይህን ልብ ብላለች።

ከጠቆረው ጣውላ የተረፈ ስላልነበር አያቷ ከሌላ ነጣ ያለ እንጨት አዲስ አግዳሚ አዘጋጁ። አስመሩበት። ከዚያ መጋዙን ለንቢት ሰጧት። እናቷ እንኳ ተገርማ አየቻቸው። መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ተለማመደች። አያቷ ጠበቀ ወይ ሲሏት «ቀኙ ጠብቋል፣ ግራው ትንሽ ይወዛወዛል» አለች። ደግመው ሰጧት። ልጆቹ ገመድ ይዘው መጡ። ንቢት ነገ አለቻቸው፤ ቀናም አላለች።

በመጨረሻ ዋናውን አግዳሚ ቆረጠች። መስመሩ ከምላሱ ጋር ቀረ፤ እርሳሱ በሁለቱም በኩል ይታያል። አፉ ውስጥ ስታስገባው በመዶሻ ትንሽ መታ መታ ማድረግ አስፈለጋት። በአግዳሚው ይዛ ብድግ አደረገችው። እግሮቹ ተያይዘው ተነሱ። ነቀነቀችው። ጸጥ አለ።

«በደረቁ ሞክረሻል?» አሉ አያቷ ጀርባቸውን እንደሰጧት።

«ሞክሬያለሁ።»

«ጠበቀ?»

«ሁለቱም ጠብቀዋል፣ አባባ።»

አያቷ ዞር ብለው አልፈተሹም። የኮላውን ጣሳ አነሱና «እንግዲህ ያዢልኝ» አሏት። ንቢት ይህን ቃል መቼም አትረሳውም።

ወንበሩ ሲያልቅ የፊት አግዳሚው ከሌላው ነጣ ብሎ ታየ። እናቷ ማቅለሚያ ደርቤ ላመሳስለው ወይ አለች። አክስቷ ግን እንዳትነኪው አለች፤ እሱን የሠራችውን አውቃታለሁ አለች። ከዚያ ምርኩዟን ለንቢት ሰጠች፣ ማሳረፊያውን ያዘች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወንበሩ ቂቅ አላለም። አክስቷ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ውሻው የታል?» አለች።

«ዛሬ አልመጣም» አለች ንቢት። መልሳም እዝዝ ማለት ጀመረች። ከኋላቸው እናቷ ትንሿን መላጊያ ከመደርደሪያው አውርዳ ለልጇ ልትመልስላት አቧራዋን ስትጠርግ ንቢት አላየቻትም ነበር።

ልጆቼ፣ ስንሳሳት ስህተታችንን አንሸፍን፤ ወዲያው እውነቱን እንናገር፣ የተናገረውን እግዚአብሔር ይቅር ይለዋል፣ የተበላሸውም እንደገና ይሠራል።